ከገበያ የጠፋ ካሴት ዩቲዩብ ላይ ቢጫን ሙዚቀኞቹ ምን ይላሉ?

ካሴት_ፈላጊ፦
ሰላም ቤቶች። በ1975 ዓ.ም. የታተመ አልበም እጄ ላይ አለ፤ ያሳተመው የፒያሳ ሙዚቃ ቤት ተዘግቷል። ድምፃዊው «ይሁን» ካለኝ መጫን እችላለሁ?

ባለ_ዜማው፦
የሱ «ይሁን» ብቻውን አይበቃም። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ወራሾችም አሉበት። የአሳታሚው ደግሞ ከታተመበት 50 ዓመት ነው። ሱቁ ተዘጋ ማለት መብቱ ሞተ ማለት አይደለም። «ገንዘብ አላገኝበትም» ማለትም አያድንህም፣ በነፃ ማሰራጨትም ፈቃድ ይጠይቃል።

ሳክስ_ቴነር፦
እውነቱን ለመናገር ብዙ ተጫዋች ከመጫኑ ይልቅ አጫጫኑ ነው የሚያናድደው። ማጫወቻው 6 በመቶ ከፈጠነ ቅኝቱ ግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ ድምፃዊው ልጅ ይመስላል፣ ሳክስፎኑም የመጫወቻ ዕቃ። መጀመሪያ ሄዱን፣ ማለትም የማጫወቻውን ክሩን የሚያነብ ክፍል፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ። ካሴቱን ዳር እስከ ዳር አንዴ አጠንጥነው፣ ካልሆነ ክሩ እየተጎተተ ድምፁ ይዋዥቃል። አዚመዙን (ሄዱ ክሩ ላይ የሚያርፍበትን ማዕዘን) በጆሮህ አስተካክል፤ ጸናጽሉ ከታፈነ ገና ነው። በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርገህ ቅዳ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከመቅጃው ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። «ማጽጃ» የሚሉትን ሶፍትዌር ግን ተወው፣ ከካሴቱ ሹክታ ጋር የከበሮውን የብሩሽ ድምፅ ይበላዋል።

ባለ_ዜማው፦
የካሴቱን ልባስ ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርግ። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ባንዱ እዚያ ላይ ናቸው፤ ፈቃድ የምትጠይቃቸውም እነሱንና አሳታሚውን ነው፣ በጽሑፍ።