እምቦጭ ለሚከታተል ካሜራ ኒውሮሞርፊክ ቺፕ ያዋጣል ወይ?

ጣና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባህር ዳር ነኝ ኤሌክትሪካል ተማሪ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት እምቦጩ በንፋስ እየተገፋ ወደ ዳር ሲመጣ አይቶ በቴክስት ሚያሳውቅ ካሜራ ልሰራ ነው፣ መብራት በሌለበት ሐይቁ ዳር ተተክሎ በሶላር ሚሰራ። እምቦጩን ሚለየውን የኤአይ ሞዴል ራስፐሪ ፓይ ሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት ባትሪው ሌሊቱን አይዘልቅም። እና ኒውሮሞርፊክ ሚባሉ እንደ አንጎል ሚሰሩ ቺፖች አሉ በጣም ትንሽ ሃይል ነው ሚበሉት ሚል አነበብኩ፣ ሎይሂ ምናምን። እውነት ነው? ከየት ይገኛል? ምታውቁ ንገሩኝ

ሰርኪት_ፖሊ፦
ሃይሉ ላይ እውነት ነው። በተለመደው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ሌላ ቦታ ሜሞሪው ሌላ ቦታ ነው፣ ኤአይ ሲሆን የሞዴሉ ቁጥር በሙሉ በሁለቱ መሃል ሲመላለስ ነው አብዛኛው ሃይል ሚያልቀው፣ ስሌቱ ራሱ ያን ያህል አይበላም። ኒውሮሞርፊኩ ላይ ሜሞሪው እዛው ኒውሮኑ (እንደ አንጎል ሴል ሚሰራው ትንሽ ክፍል) አጠገብ ነው፣ ኒውሮኑም ስፓይክ (አጭር ሲግናል) ካልደረሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አይቢኤም በፈረንጆቹ 2014 ያወጣው ትሩኖርዝ ሚባል ኒውሮሞርፊክ ቺፕ 1 ሚሊዮን ኒውሮን ይዞ 70 ሚሊዋት አካባቢ ነበር ሚበላው። ለትልልቅ ኤአይ ሚውለው ኤች100 ጂፒዩ ግን አንዱ እስከ 700 ዋት ይስባል፣ በርግጥ የሁለቱ ስራ አንድ አይደለም ስታወዳድር ጠንቀቅ በል። ሎይሂን ግን ኢንቴል ለምርምር ነው ሚሰጠው፣ ሱቅ ሄደህ ምትገዛው አይደለም

የዘጌ_ልጅ፦
እኔ ምልህ ወንድሜ ቺፑን ከመፈለግህ በፊት እምቦጩ ራሱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እይ። ኒውሮሞርፊክ ሚያተርፍህ ብዙ ሰዓት ምንም ሳይፈጠር ቆይቶ ድንገት አንድ ነገር ሲመጣ ነው። ጣና መቼ ያርፋል? ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ከፀሐይ ጋር ሲያብረቀርቅ ኢቨንት ካሜራ ብትደግንበት፣ ለውጥ ያየ ፒክስል ሁሉ ሲግናል ስለሚልክ ቀኑን ሙሉ ስፓይክ ሲያዘንብብህ ነው ሚውለው፣ ቁጠባው እዛው ላይ ጠፋ ማለት ነው። እምቦጩ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው ሚመጣው፣ በየሰዓቱ አንድ ፎቶ ይበቃሃል። ፓይህ 5 ዋት ቢበላ በቀን 120 ዋት ሰዓት ነው፤ ካሜራ ያለውን ኢኤስፒ32 ሚባል ትንሽ ቦርድ በየሰዓቱ ለግማሽ ደቂቃ ቀስቅሰህ ሌላውን ጊዜ ብታስተኛው ካሜራውና ቦርዱ በቀን 2 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም። እንዲገባበት የሞዴሉን ቁጥሮች ወደ 8 ቢት አሳንሰህ ጫነው። ቴክስቱን ሚልከውን ጂኤስኤም ሞጁል ግን አትርሳ፣ ሲልክ ለቅፅበት እስከ 2 አምፔር ሚስብ አለ፣ ባትሪውን እሱን አስበህ ምረጥ

ጣና_ዳር፦
በጣም አመሰግናለሁ ማዕበሉን ጭራሽ አላሰብኩትም። ግን ልቤ ኒውሮሞርፊኩ ላይ ነበር፣ ታዲያ ለኛ ምንም አይሆንም ማለት ነው?

ሰርኪት_ፖሊ፦
ይሆናል እንጂ፣ ድምፅ ላይ ሞክረው። ሌሊት ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ድምፅ ለይቶ ሚያውቅ ነገር በለው፣ ረጅም ዝምታ ትንሽ ድምፅ፣ ለስፓይክ ምቹ ነው። ቺፕ ሳትገዛ ኤስኤንኤንቶርች ሚባለውን በስፓይክ ሚሰራ ሞዴል መስሪያ ሶፍትዌር ላፕቶፕህ ላይ ጭነህ መጀመር ትችላለህ ነፃ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሲሙሌት ስታደርገው ግን ሃይል አይቆጥብልህም፣ ቁጠባው ቺፑ ላይ ሲሄድ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ ሪፖርትህ ላይ ስፓይኮቹን ቆጥረህ በግምት ነው ምታስቀምጠው፣ ግምት መሆኑንም ፃፍ