ውሻ ላለው ተከራይ ባሕር ዳር ላይ ቤት ይገኛል?

ሰላም ባሕር ዳሮች። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ማስተርስ ልጀምር ነው። አንዲት ውሻ አለችኝ፤ መካከለኛ፣ ዝምተኛ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ ትወስዳለች፤ ካርዷ እጄ ላይ ነው።

ፔዳና ፖሊ አካባቢ በደላላም በራሴም ፈለግኩ። ክፍል ሞልቷል። ግን ግቢው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ልጆችም ይሯሯጣሉ። የሚገርመው፣ አከራዮቹ ራሳቸው ለጥበቃ ውሻ ያስራሉ፤ የተከራይ ውሻ ሲባል ግን ፊታቸው ይጠቁራል። አንዲት እናት ተስማምተው ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ «ጸሎት የሚደረግበት ቤት ነው፤ ውሻ አይገባበትም» ብለው ቀብዱን መለሱልኝ። አልፈርድባቸውም።

ውሻዋ በረንዳ ላይ ብታድር ግድ የለኝም፤ ዋናው ለብቻው በርና አጥር ያለው ሰርቪስ ቤት ማግኘት ነው። ሽምብጥ ይሻለኛል፣ አባይ ማዶ፣ ወይስ እስከ ዘንዘልማ ልውጣ?