ለአራት ዓመት ልጅ የሚበረክት መነጽር፦ ምን ልግዛለት?

የናቲ እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመት ከ6 ወሩ ነው። ወተት እየጠጣ ቀና ብሎ ሲያየኝ ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ይገባ ነበር። ደንግጬ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጠብታ ጨምረውለት መረመሩትና ሁለቱም ዓይኑ ፕላስ 4.50 ነው፣ ማለትም በተለይ ቅርቡን ለማየት ይቸገራል፣ ቀኑን ሙሉ መነጽር ያድርግ አሉኝ። እውነትም መነጽሩን ሲያደርግ ዓይኑ ቀጥ ይላል።

ችግሬ መነጽሩ አልበረክት ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ቀጭን የብረት ፍሬም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲታገል ማጠፊያው ተነቀለ። ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው። እሱ ደግሞ ኬጂ ግቢ ወድቆ አንዱ ሌንስ ወለቀና ጠፋ፤ የቀረውም ተጫጭሮ ጉም መስሏል። ይኸው ልጁ ያለ መነጽር ከዋለ አሥር ቀኑ።

ባለቤቴ «ትንሽ ከፍ ይበልና እንገዛለታለን» ይላል። ትናንት አንድ ቤት ገብቼ ስጠይቅ ለፍሬሙ ብቻ 6,500 ብር አሉኝ። ምን ዓይነት ፍሬም ልያዝ? ሌንሱስ ምን ይሁን? ውድ ስለሆነ ይበረክታል ማለት ነው? እባካችሁ የደረሰበት ሰው ይንገረኝ።

ማሂ (ሐዋሳ)

አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። ልጄ መነጽር የጀመረችው በ3 ዓመቷ ነው። የብረቱን ተዪው። ለዚህ ዕድሜ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ፍሬም አለ፣ ጠመዝዘሽ ስትለቂው ወደ ቦታው የሚመለስ። አንዳንዱ ብሎን የሚባል ነገር የለውም። የእኔ ልጅ ተኝታበታለች፣ ታናሽ ወንድሟ ቆሞበታል፤ ዓመት ከአራት ወር አገልግሏል።

ከጀርባ የሚያያዝ ማሰሪያም አድርጊለት። የሚሸጥ ባጣ ስስ ላስቲክ ገዝቼ ራሴ ሰፋሁላት። ግን እንዳታጠብቂው። ጣትሽ በላስቲኩና በጭንቅላቱ መሃል እንደ ልብ መግባት አለበት። ዥዋዥዌ ላይ ቢያዝ ወዲያው ተንሸራቶ እንዲወልቅ ነው። ሲተኛ ደግሞ ይውለቅ።

ኦፕቶሜትሪስት፣ የዓይን ምርመራ ባለሙያ (ጎንደር)

ስለ ፍሬሙ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ መጀመሪያ ስለ አባቱ ሐሳብ ልናገር። «ከፍ ሲል» የሚለውን እባካችሁ ተዉት።

ፕላስ 4.50 ያለው ልጅ ያለ መነጽር አጥርቶ ለማየት ዓይኑን በጣም ያስጨንቃል። ዓይን በቅርብ ለማየት ሲጨነቅ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። ናቲ ላይ ያየሽው ይህ ነው። መነጽሩ ጭንቀቱን ሲያነሳለት ዓይኑ ይቀናል። ሲያወልቀው ተመልሶ ቢገባ «መነጽሩ ሱስ አስያዘው» ብለሽ እንዳትሰጊ። ሱስ የለም፤ መነጽሩ ሥራውን አቁሞ ነው።

ሌላው ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ማየት የሚማረው አንጎል ነው። ትምህርቱ ዋናውን ሥራ የሚጨርሰው እስከ 7 እና 8 ዓመት ድረስ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባውን ዓይን አንጎል ችላ ማለት ከጀመረ ዓይኑ ይሰንፋል። «ሰነፍ ዓይን» የምንለው ይህ ነው። ሕክምናው ዘግይቶ ሲጀመር ውጤቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አሥሩ ቀን አሥራ አንድ እንዳይሆን። ርካሽም ቢሆን ቁጥሩ ልክ የሆነ መነጽር ዛሬ ዓይኑ ላይ ይዋል፣ ጠንካራውን ቀስ ብላችሁ ፈልጉ።

ቁጥሩ ደግሞ በጠብታ የተለካው ይሁን። ሕፃን ያለ ጠብታ ሲለካ ፕላሱን ይደብቃል፣ አንሶ ይወጣል። የግል ክሊኒክ ከከበደሽ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለልሽ፤ ምርመራው በመንግሥት ዋጋ ነው።

መነጽር ሠሪ (ፒያሳ)

እኔ ሌንስ ቆርጬ ፍሬም ውስጥ የማስገባ ሰው ነኝ። በዋጋው አትታለዪ። ፍሬም ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በስሙ ነው። እኔ ለልጅ ስመርጥ ቲአር 90 የሚባለውን አነሳለሁ። ቀላል ፕላስቲክ ነው፣ ይለመጣል፣ ዋጋውም ከታወቀ ስም ፍሬም በጣም ያነሰ ነው። ማጠፊያው ስፕሪንግ ያለው ይሁን። ሱቅ ውስጥ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ ወደ ውጭ ገፋ አድርጊው። ትንሽ ሄዶ ከተመለሰ ስፕሪንግ አለው። ድርቅ ካለ የልጅ እጅ ይሰብረዋል።

ሌንሱ መስታወት እንዳይሆን። ቢሰበር ስንጥሩ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። ፖሊካርቦኔት ካለ ጠይቂ፤ ኳስ ቢመታው በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ከተራው ፕላስቲክም ይቀላል። ግን በቀላሉ ይጫጫራልና የጭረት መከላከያ ያለው ይሁን። የሚሰጥሽ ካጣሽ ተራው ፕላስቲክም ከመስታወት በብዙ ይሻላል። ብሉ ከት (የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል የሚባለው)፣ ፀሐይ ላይ የሚጠቁር የሚሉሽን ለአሁን እለፊው፤ ያንን ገንዘብ ለመጠባበቂያ አስቀምጪ።

ትልልቅ ክብ ፍሬም ፋሽን ነው ብለሽ እንዳትወስጂ። የፕላስ ሌንስ መሃሉ ወፍራም ነው። ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር ሌንሱ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ አፍንጫው ላይ አይቆምም። ትንሽና ክብነት ያለው ይሁን፤ የዓይኑ ብሌን ሌንሱ መሃል ላይ ይዋል።

ልጁን ይዘሽ ሂጂ፣ ያለ እሱ አትግዢ። አድርጊለትና አስቂው። ሲስቅ ጉንጩ ፍሬሙን ወደ ላይ ካነሳው ሌላ ሞክሪ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንዲነካ አድርጊው። ከተንሸራተተ አፍንጫው ላይ አልተቀመጠም። የሕፃን አፍንጫ ገና ዝቅ ያለ ነው፣ የአዋቂ ፍሬም ተቀንሶ የተሠራው አይሆንለትም። የሚንሸራተት መነጽር ያደረገ ልጅ በሌንሱ ሳይሆን በላዩ በኩል ነው የሚያየው።

ሌንሱ የወለቀውን ፍሬም አልጣልሽውም? ካልተሰነጠቀ ይዘሽው ሂጂ። ሌንስ ብቻ ማስገባት ሙሉውን ከመግዛት ይረክሳል፤ ለመጠባበቂያ ይሆንሻል።

አባ ሶስና (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

እዚህ የልጆች ሌንስ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ነው። እኔ ለእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ልኬያለሁና ስህተቴን ልንገርሽ። መጀመሪያ የመነጽር ወረቀቱን ብቻ ልካልኝ ሙሉ መነጽር አሠራሁ። በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። መነጽሩ ሲደርስ ልጁ አላደርግም ብሎ አለቀሰ፤ ራሱን አመመው። በሁለተኛው ባዶ ፍሬም ብቻ ላክሁ፣ ሌንሱን እዚያው ልጁን ለክተው አስገቡለት። ሰላም ሆነ። ዘመድ ካለሽ እንደዚህ አድርጊ። ርቀቱን በሚሊሜትር አስለክተሽ ወረቀቱ ላይ አስጽፊ፤ ፕላሱም ማይነስ ተብሎ እንዳይገለበጥ ፎቶውን ላኪ፣ በስልክ አትናገሪ።

የናቲ እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባለቤቴን አስነብቤው ዝም አለ፣ ከዚያ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ኬጂ ውስጥ ያወልቀዋል። «አራት ዓይና» ይሉኛል ይላል።

እማማ አስካለ (ደሴ)

ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው። እሱንም እንዲሁ ይሉት ነበር። መምህርቷ ጋ ሄጄ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። እሷም በማግስቱ የራሷን የንባብ መነጽር አድርጋ ክፍል ገባች። ከዚያ ወዲህ አላወለቀም። ፍሬሙን ራሱ ናቲ ይምረጥ። ሁለት ሦስት ልክ የሚሆኑትን አንቺ ለዪና ቀለሙን ለሱ ተዪለት። የኔው ብርቱካንማ መረጠ፣ ለእኔ ዓይን አይሞላም፣ እሱ ግን ወዶታል።

ሲያወልቅ በሁለት እጁ ይሁን። በአንድ እጅ ከሳቡት ይጣመማል። ሌንሱ ወደ ታች ተደፍቶ አይቀመጥ። ጠንካራ ማኅደሩ ላይ ስሙን ጻፊበት።

ማሂ (ሐዋሳ)

ልክ ናቸው እማማ። በደረቅ ነጠላ ወይም በሹራብ ጫፍም አትጥረጊው፣ የተጫጨረው በዚያ ይመስለኛል። አቧራው ነው የሚፍቀው። መጀመሪያ ውኃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ዘንጉ ቢሰበር ደግሞ በሱፐር ግሉ አትሞክሪው። እንፋሎቱ ሌንሱን ያነጣዋል፤ እኔ አንዱን ያበላሸሁት በዚያ ነው።

የናቲ እናት (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ገዛንለት። ቲአር 90፣ ስፕሪንግ ያለው፣ ሰማያዊ፣ ራሱ የመረጠው። ፖሊካርቦኔቱ በትእዛዝ ስለሆነ አራት ቀን ጠበቅን። እስከዚያ አሮጌው ፍሬም ላይ ተራ ሌንስ አስገብተንለት ነበር። ሁለቱም ተደምረው ያንን የ6,500 ብር ፍሬም አላከሉም። ትናንት ከኬጂ ሲወጣ ሌንሱ አሸዋ ነበረበት፣ ፍሬሙ ግን ምንም አልሆነ። ቧንቧው ጋ ወስጄ አብረን አጠብነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከግራ ጆሮው ጀርባ ቀላ ብሏል።

መነጽር ሠሪ (ፒያሳ)

ዘንጉ አጥሮበት ወይም ጠብቆበት ነው። ራስሽ እንዳታጣምሚው። ልጁን ይዘሽ ወደ ሠራልሽ ሰው ተመለሺ፤ ጆሮው ላይ እያየ ያስተካክለዋል። የደቂቃ ሥራ ነው፣ እኛ ጋ ለዚህ ገንዘብ አንቀበልም። እስከዚያ ሲያመው ለአፍታ አውልቀሽ መልሺለት።