የጣና ዳር ናሙናዎቼ እየሻገቱ ተቸገርኩ

ጥያቄ (ተማሪዋ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ ደንገል፣ ፊላና እምቦጭ ከጣና ዳርቻ እየሰበሰብኩ ነው። ደርቀው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይላካሉ። ደንገሉ ከወረቀቱ በላይ ረዘመብኝ፤ እምቦጩ ደግሞ ሳይደርቅ ጠቁሮ ይሻግታል። ማድረቂያ ምድጃ የለኝም፤ ያለኝ የእንጨት መጭመቂያ፣ ጋዜጣና ካርቶን ነው። ምን ይሻላል?

መልስ (ዕፅ ለቃሚ)
እኅቴ፣ ደንገልን ሙሉውን ለማስቀመጥ አትድከሚ። ዘንጉ ከአራት ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ የናሙና ወረቀት ግን ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአግድም ግንዱ፣ ከዘንጉ መሃልና ከአናቱ ቁረጪና ለሦስቱም አንድ ቁጥር ስጪ። ግንዱንና ዘንጉን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቂ፤ ውስጣቸው እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ሦስት ማዕዘንነቱ እንዲታይ ከዘንጉ በአግድም የተቆረጠ ስስ ቁራጭ አክዪ። ፍሬው ሳይበስል ግን አትቁረጪ። የደንገል ወገን፣ ለበዓል የምንጎዘጉዘውን ቀጤማ ጨምሮ፣ ያለ በሰለ ፍሬ በትክክል ለመለየት እጅግ ያስቸግራል።

እምቦጭ የሚሻግተው ባበጠው የቅጠል ዘንግ ምክንያት ነው። እሱንም ሰንጥቂና በደረቅ ጨርቅ ውሃውን ምጠጪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን ጠዋትና ማታ ቀይሪ፤ በየመሃሉ ባለ ሞገድ ካርቶን ካስገባሽ አየር ያልፋል። መጭመቂያውን ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ በጎኑ አቁሚው። አበባውን በሶፍት ለይተሽ ጫኚው። ሐምራዊ መሆኑንና በላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ያለውን ቢጫ ነጥብ እዚያው ጻፊ፤ ቀለሙ ይጠፋልና።

መልስ (የመስክ ሰው)
ዝናብ ከመጣ ጋዜጣ መቀየር ብቻውን አያዋጣም። ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልለው 70 በመቶ አልኮል ያርከፍክፉበትና አየር በማያስገባ ወፍራም ፌስታል ያሽጉት። ከተማ ሲደርሱ አውጥተው ያድርቁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ በሽዋይንፉርት ስም የሚጠራ የቆየ ዘዴ ነው።

መልስ (ዕፅ ለቃሚ)
ይሠራል፤ ግን ቀለሙን ያጠፋል፣ ዘረመሉንም ይጎዳል። አልኮል ከመንካቱ በፊት አንድ ሁለት ቅጠል እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አስቀሪ።

ጥያቄ (ተማሪዋ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃ ውስጥ ያሉት ቀጫጭኖቹስ? ሳወጣቸው ይጣበቃሉ። በመለያ ወረቀቱ ላይስ ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

መልስ (የመስክ ሰው)
ቀጫጭኖቹን ውሃ በሞላበት ትሪ ላይ ያንሳፍፉ፤ ከሥራቸው ወፍራም ወረቀት አስገብተው ቀስ ብለው ያንሱ። ከላይ የሰም ወረቀት ያድርጉ፤ ጋዜጣ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል።

ቀኑን እ.ኤ.አ. ይጻፉ፣ ምኅጻሩንም አይተዉ። «ሐምሌ 2016» ብቻ ካሉ የውጭ ተመራማሪ ናሙናውን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ከፍታውን፣ የውሃውን ጥልቀትና የአካባቢውን ስም ይጨምሩ።

መልስ (አሣ አጥማጅ ነኝ)
ስለ መጭመቂያው አላውቅም፤ የእምቦጭ ቁራጭ ግን በጫማም በጀልባም ተጣብቆ ይሄዳል። ከተረፈሽ ከውሃው ርቀሽ አቃጥዪው እንጂ ወንዝ ዳር አትጣዪው።