አይ ፒ 10 የሚባለውን የደም ምርመራ የት ላሠራ? (ሄፓታይተስ ሲ)

የቡሬዋ፦
እንደምን ዋላችሁ። አባባ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘባቸው። ውጭ ያለችው የአክስቴ ልጅ «አይ ፒ 10 አስለኩ፤ ከፍ ካለ መድኃኒቱ አይሠራላቸውም» አለችኝ። እሳቸውም ሰምተው «ለማይሠራ መድኃኒት በሬ አልሸጥም» ብለው ቁጭ! ባሕር ዳር ይገኝ ይሆን?

ላብራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ ያለችው ውሸት አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት ነው እንጂ። ያኔ ሕክምናው የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰው የኢንተርፌሮን መርፌና ሪባቫይሪን የሚባል መድኃኒት ነበር፤ እስከ 48 ሳምንት ተሠቃይቶም የማይድነው ብዙ ነው። አይ ፒ 10 ኢንተርፌሮን ሰውነትን ሲቀሰቅስ የሚመነጭ ፕሮቲን ነው። ከሕክምናው በፊት ከፍ ካለ የሰውነት መከላከያው አስቀድሞ ተቀስቅሷል፤ ተጨማሪ መርፌ ብዙም አይፈይድለትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘው አይ ኤል 28ቢ የሚባለው የዘር ልዩነትም የሚመረመረው መርፌው ይሠራ እንደሆነ ለመገመት ነበር። ዛሬ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር የሚባሉት መድኃኒቶች ቫይረሱን በቀጥታ ያጠቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ተውጠው ከ100 ሰው 95 ያህሉን ያድናሉ። እኛ ዘንድ የሚበዛውን የቫይረሱን ዝርያ፣ ጂኖታይፕ 4ንም። ለአይ ፒ 10 ብር አታውጪ።

ነርሷ፣ ዳንግላ፦
በምርመራው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ከታየ ቫይረሱ ራሱ መኖሩ ይረጋገጥ። ሄፓታይተስ ቢም ይመርመሩ፤ ሲ ሲታከም ቢ ሊነሣ ይችላል። የወፍ መድኃኒት ጠጥተው ከሆነም ለሐኪሙ አትደብቁ።

የቡሬዋ፦
ጠጥተዋል እንጂ፣ ያውም በጣሳ! ቢ ግን አልታየም። መዳናቸው በምን ይታወቃል?

ላብራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንክብሉ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ በደም ካልታየ ድነዋል።