ደሞዜ ሲጨምር ድጎማው ቀረ፣ ሰዓቱን ልመልሰው እንዴ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ባሌም እንሰራለን፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለፈው ወር በሳምንት 6 ሰዓት ኦቨርታይም ተጨምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከዛ ደብዳቤ መጣ፣ ገቢያችሁ ከመስመሩ ስላለፈ የልጆች መዋያው ድጎማ ይቆማል ይላል። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፔይስሊፑንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን ዘርግተን ሦስቴ ደመርነው፣ ሦስቴም እጃችን ላይ የሚቀረው ከድሮው ያነሰ ነው። ብዙ ሰርቼ ልደኸይ ነው? ሌላ አገርስ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

መልስ 1፦
እህቴ ስሌትሽ ልክ ነው፣ ጥፋቱ የፖሊሲው ነው። ያንቺው ገደል የሚሉት አይነት ነው፣ መስመሩን በሳንቲም ካለፍሽ ሙሉው ይቀራል። ቀስ እያለ የሚቀንስም አለ። የእንግሊዙ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግስት የሚሰጠው ድጎማ) ልጅ ላላቸው መጀመሪያ የማይነካ ገቢ ይተውላቸዋል፣ ከዛ በላይ እጅሽ ከሚገባው ከ100 ፓውንድ 55ቱን ይቀንሳል፣ እስከ 2021 ድረስ 63 ነበር። በኔ እይታ 55ም ጭካኔ ነው፣ እዛው አገር ሀብታሙ የሚከፍለው ትልቁ የገቢ ግብር 45 ፐርሰንት ነው እኮ!

መልስ 2፦
አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ለሚሰራ ሰው በታክስ በኩል የሚመለስ ገንዘብ አለ። ሁለት ልጅ ላለው መጀመሪያ ላይ በየ100 ዶላሩ 40 ይጨመርለታል፣ ጣሪያው ላይ ይቆማል፣ ገቢው ከፍ ሲል ደግሞ በየ100ው 21 ገደማ እየቀነሰ ያልቃል። ችግሩ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ኪራይ ግን በየወሩ ነው። በ2021 ከሐምሌ እስከ ታህሳስ የልጆቹን ክሬዲት (ልጅ ላለው የሚሰጥ ሌላ የታክስ ድጎማ) ጨምረው በየወሩ ሰጡ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 300 ዶላር። የዛን ዓመት የልጆች ድህነት ድጎማው ተቆጥሮ ወደ 5.2 ፐርሰንት ወረደ፣ ጭማሪው ሲቆም በ2022 ወደ 12.4 ተመለሰ። ይሄን ቁጥር ሳይ እስካሁን ያናድደኛል።

መልስ 3፦
ሁላችሁም ስለ መንግስት ብቻ አወራችሁ፣ አሰሪውስ? ደሞዝ ዝቅ አድርጎ ቀሪውን ድጎማ እንዲሸፍንለት ካደረገ ተጠቃሚው እሱ ነው፣ ስለዚህ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አብሮ መኖር አለበት። ጠያቂዋ ግን ሰዓቱን ለመመለስ አትቸኩዪ። ገቢሽን በአንድ ወር ነው ያዩት ወይስ በዓመት አማካይ? ኦቨርታይሙ ጊዜያዊ ከሆነ ይሄ ነገሩን ሊቀይረው ይችላል። በጽሁፍ ጠይቂያቸው፣ የይግባኙ ቀን እንዳያልፍብሽ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ኦቨርታይሙ ለሦስት ወር ብቻ ነው፣ ደብዳቤው ደግሞ የአንድ ወር ፔይስሊፕ ብቻ ነው የሚጠቅሰው፣ አሁን አየሁት። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።