አብሽ ይቅደም ወይስ ኦሜፕራዞል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እማዬ በሰገራ ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባት የ14 ቀኑን መድኃኒት ጨርሳለች። አሁን የምትወስደው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው እንክብል) 20 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት።

ችግሩ ከአብሽ አትላቀቅም። ከሰኞ ገበያ ገዝታ ያስፈጨችውን ማታ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ከላይ ያቀረረውን መራራ ውሃ ትደፋና ዝልግልጉን እስኪነጣ መታ፣ በውሃ አቅጥና ትጠጣዋለች። እሱም በባዶ ሆድ! «ጨጓራን የሚያለብሰው እሱ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ያ ዝልግልግ ይለብጣል። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ መድኃኒቱንስ ይዞ ቢያስቀረው?

አብሹን ወደ ማታ ብናዛውረው ሆዷን ነፍቶ እንቅልፍ ነሳት። እንክብሉን አስቀድመን አብሹን ወዲያው ስናስከትል ደግሞ ቃሩ ተመለሰ። «ተይው በላት» እንዳትሉኝ፤ ቡና ያስተውኳት በስንት ልመና ነው። ፋርማሲ ስጠይቅ «አራርቃችሁ ስጧት» አሉኝ፣ በቃ።

እስቲ የምታውቁ፣ ሁለቱም ባዶ ሆድ ከፈለጉ የትኛው ይቅደም፣ በመካከላቸውስ ስንት ሰዓት ይሁን?